ሳተላይቱ ኮከቦቹን እስኪለይ

ደግሞ ዛሬ፣ ከቀን ሁሉ ተመርጦ ዛሬ፣ ወንድሜ ነው የሚሉኝ? ትላለች ሮስቪታ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ቀርቅራ፣ ጣቶቿ ከቁልፎቹ ሳይነሱ፣ ዓይኗ ከስክሪኑ ሳይነቀል፣ የሚደውለው በረኛው አቶ ክኖል ነው፣ እንደ ወትሮው ድምፁን ሳቅ ሳቅ ይለዋል፣ እኔ ምን አውቄ እመቤቴ፣ ወንድሟ ነኝ ይላል፣ ጌርኖት ነኝ ይላል፣ ከወዲያኛው ጀርመን ነው የመጣሁት ይላል፣ እሱ ባይልም መኪናዋ ትናገር የለ፣ ደጄን በጭስ አጥናዋለች፣ ምን ልበለው?

ይጠብቀኝ ይበሉት።

ስልኩን ከዘጋችው በኋላ ነው የገዛ ቃሏ የሚሰማት። ይጠብቀኝ? ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቀ ሰው፣ ጎህ ሳይቀድ ከዛልፌልድ ተነስቶ ያንን በረዶ የጋገረው ጫካ በዚያች የፕላስቲክ መኪና አቋርጦ የመጣ ሰው፣ ይጠብቀኝ? የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ይመስል? ምነው አፌን በቆረጠው፣ ግን ምን ታድርግ፣ ሳተላይቱ ሊወጣ ነው፣ አሁን፣ ከኦደንቫልድ ኮረብቶች በላይ፣ ትልቁ አንቴና አንገቱን ወደዚያ አዙሮ እየጠበቀው ነው፣ እሷ ደግሞ እዚህ ዳርምሽታት፣ መስኮት ከሌለው የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ የገና ዋዜማ ነው፣ አንዱ ከስክሪኖቹ በላይ ብልጭልጭ ክር ጎትቶ ሰቅሏል፣ ሌላው ሁሉ እንደ አዘቦት ቀን ነው፣ ማቀዝቀዣው ያፏጫል፣ ሰው ዝም ብሏል፣ ሳተላይት በዓል አያውቅ።

ሲወጣም እንደ ሰካራም ነው የሚወጣው። በምድር ጥግ ሲያልፍ ትጎትተዋለች፣ የላይኛው ቀጭን አየር ይገፋዋል፣ ምድርን የከበበው የጨረር ቀበቶ ዓይኑን ያጥበረብረዋል፣ እዚህ አናት ላይ ሲደርስ ወዴት እንደሚያይ አያውቅም፣ ኮከቦች ያልፉበታል፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይለይም፣ የቱ ኮከብ እንደሆነ ካላወቀ ደግሞ ምን ይለካል፣ በጨለማ መርፌ ክር እንደ ማስገባት ነው፣ እና እነዚህን ኮከቦች አይቶ እዚህ ነኝ የሚልበት ስሌት፣ እሱ ነው የሮስቪታ እንጀራ። ሰሞኑን ራሱን እስኪያገኝ ጊዜው ያልቅና ከአድማስ ወዲያ ይጠልቅ ነበር፣ እንደዚያ እየሆነ ከቀጠለ ለመለካት የሚተርፈው ጊዜ ለአፍንጫም አይበቃ፣ ስለዚህ ስሌቱን ከሥሩ ነቅላ ሠራችው፣ ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ከተሳካ ሰው ወደየቤቱ፣ ካልተሳካ ማንም ከዚህ ወንበር አይነሣም፣ ዞሮ እስኪመጣ፣ ደግሞ ዞሮ እስኪመጣ።

እና ጌርኖት ደጅ ቆሟል።

ለምን አልነገረኝም? እንዴት ይነግራታል፣ ስልክ የለው፣ የበርሊን ግንብ በኅዳር ሲፈርስ ፖስታ ካርድ ላከ፣ ሮዚ፣ መኪናዋ ታማለች፣ እኔም ቅዳሜ ሳይቀር አስተምራለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ ጠብቂኝ፣ ይኸው ተዘጋ፣ ይኸው መጣ፣ ምኑ ነው ታዲያ የሚያስደነግጠኝ?

ፊዮሬንዞ ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል፣ የፈረቃው አለቃ፣ ጣሊያናዊ ነው፣ ቱሪን ሁለት ልጆች አሉት፣ ዛሬ ማታ አብሯቸው ሊሆን ቃል ገብቶ ነበር፣ የማን ስልክ ነው? የወንድሜ፣ ማለቴ የበረኛው፣ ወንድሜ መጥቶ። የትኛው ወንድምሽ? አንድ ነው ያለኝ። የምሥራቁ? የምሥራቁ። እና እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ተነሺ፣ ሂጂ፣ እኔ አለሁ አይደል? አይሆንም። ሮስቪታ፣ ወንድምሽ ነው እኮ የምልሽ! አውቃለሁ ወንድሜ እንደሆነ፣ ስሌቱ የእኔ ነው፣ ከተበላሸ ማን ሊነካው ነው፣ አንተ? እኔማ እግዜር ይጠብቀኝ፣ ይላል ፊዮሬንዞ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ይስቃል፣ ጎኗ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ እንግዲያው ቶሎ እናግኘውና ሂጂልኝ፣ ሰውዬው በብርድ ሊያልቅ ነው።

በነሐሴ ነው የተተኮሰው። ሮኬቱ እንደ ልብ ወጣ፣ ሰው ተቃቀፈ፣ ጠርሙስ ተከፈተ፣ ከዚያ ሳተላይቱ የራሱን ሞተር አስነሥቶ ከፍ ብሎ መቀመጥ ነበረበት፣ ከምድር እኩል እየዞረ፣ ከአንድ አገር አናት ሳይነቃነቅ፣ ሞተር ተነሣ ተባለ፣ ዝም፣ ደግመው አዘዙት፣ ዝም፣ አሞቁት፣ አባበሉት፣ ዝም። በቴሌቪዥን አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ቀርቦ የተልእኮው ዓላማ በታቀደው መሠረት ሊሳካ እንደማይችል ስንገልጽ ከፍ ያለ ሐዘን ይሰማናል አለ፣ ጋዜጣው በሰማይ የተበተነ ገንዘብ ብሎ ጻፈ፣ የፎቁ ጎረቤቷ ደረጃ ላይ አግኝታ እጇን ጨበጠቻት፣ የቤተሰብ ሰው የሞተባት ይመስል፣ እሷም አመሰግናለሁ አለቻት፣ ሌላ ምን ይባላል። ያን ቀን ነው ፊዮሬንዞ እዚሁ ክፍል መሀል ቆሞ የተናገረው፣ ሬሳ ሲጠሩት አይመልስም፣ ይሄ ግን ስንጠራው ይመልሳል፣ ዓይኑም ደኅና ነው፣ ስለዚህ ለቀብሩ የምትቸኩሉ ሰዎች ቀስ በሉ። ሰው ሳቀ። ሞተሩ እምቢ ካለ ወዲህ የሳቁት የመጀመሪያ ሳቅ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ሥራ ነው። ለአንድ ቦታ የተሠራውን ሁሉ ለእንቁላል መሳይ መንገድ መቀየር፣ አንድ አንቴና ይበቃል የተባለውን ከአውስትራሊያ ሳይቀር መለመን፣ እሺ አሉ፣ ሰዎቹ ዝም ብለው እሺ አሉ፣ በማያውቁት ሳተላይት፣ ለማያውቋቸው ሰዎች፣ ከእረፍቱ ከባሕር ዳር ተመልሶ የመጣ አለ፣ ጡረታውን ያዘገየ አለ፣ ማንም ማንንም አላስገደደ። ለጥቂት ወር ቢቆይ ነው አሉ ስለ ሳተላይቱ፣ ጨረሩ የፀሐይ ሰሌዳዎቹን ይበላቸዋል አሉ፣ ጥቂት ወር አይበቃም እኮ፣ ምድር ፀሐይን ዞራ እስክትመለስ መኖር አለበት፣ ያለዚያ ኮከቡ የት እንዳለ እንጂ ምን ያህል እንደሚርቅ አያውቅም፣ ያለዚያ ልፋቱ ሁሉ…

ይሄንን ያስረዳት ማን ሆነና፣ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ጌርኖት ነው፣ በባላቶን ሐይቅ፣ በዋና ልብስ።

ሀንጋሪ ነው ባላቶን፣ የሁለቱም ጀርመን ሰው ለእረፍት ሊገባበት የሚችል ውሃ፣ የተለያየ ዘመድ የሚገናኘው እዚያ ነበር፣ አጠገብህ ፎጣውን ያነጠፈው ሰውዬ ጆሮ ጠቢ ሊሆን እንደሚችል እያወቅህ ስለ አየሩ እያወራህ፣ እነሱ ግን ስለ አየሩ አላወሩም፣ ስለ ኮከብ አወሩ፣ ኮከብ ማንንም አያስቀይም። ጌርኖት የሥነ ከዋክብት አስተማሪ ነው፣ እዚያ ወዲያ በየትምህርት ቤቱ ኮከብ ይማራሉ፣ ግዴታ ነው፣ የማንንም ልጅ በአንድ ፉጨት ሰብስቦ ማስተማር ይወዳል፣ የማያውቃቸውን ልጆች ወደ ውሃው ዘልቆ በተሠራው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ያሰልፋቸዋል፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ አውራ ጣታችሁን አውጡ፣ ከማዶ ኮረብታው ላይ ያለውን ባለ ሁለት ግንብ ቤተ ክርስቲያን እዩት፣ አሁን ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሩጡ፣ እዩት፣ ፈቀቅ አለ አይደል ከኋላው ካለው ተራራ? ፈቀቅ ባለው ልክ ርቀቱ ይታወቃል፣ ማንም ዋኝቶ መለካት አያስፈልገውም፣ ምድርም እንደዚሁ ናት፣ በጥር ከፀሐይ ወዲህ፣ በሐምሌ ከፀሐይ ወዲያ፣ የመተላለፊያችን ሁለት ጫፍ ይኸው፣ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል፣ ወደ እሷ ዞር ይላል፣ ችግሩ ሮዚ፣ የኮከቡ ፈቀቅታ ከዚህ ሆነሽ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ቁመት ቢታይሽ ያን ታህል ናት፣ በዚያ ላይ አየሩ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከአየር በላይ መውጣት ነው መፍትሔው፣ እኔን ደግሞ እንኳን ከአየር በላይ ከድንበርም በላይ የሚያወጣኝ የለም፣ አንቺ ውጪልኝ። ይስቃል። ፎጣ ያነጠፈው ሰውዬ ጋዜጣውን ይገልጣል።

አንቺ ውጪልኝ።

ሃያ ዓመቷ ነበር ስትወጣ፣ ሻንጣ እንኳ አልያዘችም፣ በርሊን ላይ በከተማ ባቡር ተሳፍራ ከጥቂት ፌርማታ በኋላ በሌላው ዓለም ወረደች፣ ለትምህርት ነው፣ ለገና እመለሳለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግንቡ ተሠራ፣ ጌርኖት ያኔ ገና አጭር ሱሪ ለባሽ ነበር፣ ጉልበቱ ሁልጊዜ የተላጠ። ከዚያ በኋላ የትውልድ ቦታ ዛልፌልድ የሚለው ፓስፖርቷ ወደ ምዕራብ በርሊን ስታቋርጥ ድንበር ላይ በወጣ ቁጥር ጥያቄ ነው፣ ለምን ሄድሽ፣ የት ትሠሪያለሽ፣ ሳተላይት? ምን ዓይነት ሳተላይት? ዛልፌልድ ለመግባት በየጊዜው ቪዛ ትጠይቃለች፣ በየጊዜው ይከለክሏታል፣ እናቷ ስትታመም ጠየቀች፣ ስትሞትም ጠየቀች።

ስልኩ እንደገና። አቶ ክኖል ነው። እመቤቴ ወንድምዎ የዘቢብ ዳቦ አብልቶኛል፣ የሚስቱ ሥራ ነው ብሎ፣ እኔም ለአፌ ያልኳትን የጉበት ቋሊማ ሰጥቼዋለሁ፣ ስለዚህ አይጨነቁ፣ ከእኔ ቤት ውስጥ ማሞቂያው ጋ ተቀምጧል፣ ብቻ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ የመኪናዋን ስም ያውቃሉ አይደል? ትራባንት። ትርጉሙ ምንድን ነው? ሳተላይት! እናንተ ሙሉ ሕንፃ ሰው አንድ ሳተላይት ለማስነሣት ስትንፈራገጡ እሱ የራሱን ብቻውን ነድቶ መጥቷል፣ አይቀጥሩትም? ፊዮሬንዞ ሰምቷል፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ እንባዋ ይመጣል፣ ስቃ ነው፣ ስቃ ይሁን።

ምልክት ተያዘ! ይላል ከፊት ያለው ልጅ።

ሳቁ ይቆረጣል። ወጥቷል። ቁጥሮቹ መውረድ ይጀምራሉ፣ ሙቀቱ ደኅና፣ ባትሪው ደኅና፣ ሳተላይቱ በዝግታ ይሽከረከራል፣ ከሁለት አቅጣጫ የሚመጣው የኮከብ ብርሃን በአንድ ዓይን ይገባል፣ በቀጫጭን ስንጥቆች ሲያልፍ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ብልጭ፣ አንዱ አለፈ፣ ማን ነህ? ስሌቷ ይገምታል፣ አይደለም። ሌላ ብልጭ። ይገምታል፣ አይደለም። ሦስት ኮከብ በአንድ ጊዜ፣ ገጠመ፣ ገጠመ! የለም፣ ተፈታ፣ አራተኛው አልመጣም፣ መምጣት የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፣ አንገቷ ሥር ላብ ይወርዳል፣ እንደገና ልጀምረው? እንደገና ብጀምረው ይሻላል፣ ሰሞኑን ያደረግነው ይሄንኑ ነው፣ ትንሽ ሲስት አቋርጠን እንደ አዲስ፣ ትንሽ ሲስት አቋርጠን እንደ አዲስ፣ ጣቷ ቁልፏ ላይ ነው፣ ፊዮሬንዞ እጇን አይነካም፣ ቁልፏንም አያይም፣ እንደ ውሻ ግልገል ነው ይላል ቀስ ብሎ፣ ስትጠሪው ይሮጣል፣ ስታሳድጂው ይሸሻል፣ ተዪው ይፈልግ። ጣቷን ታነሣለች። እጇን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፣ እንደ ተማሪ።

ይፈልግ።

እና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳለች ነው የምታስበው፣ ያቺን ቀን፣ ባላቶን፣ እናቷ በሞተች በዓመቱ፣ በእግር የሚረገጥ ጀልባ ተከራይተው ጌርኖት ሐይቁ መሀል ወሰዳት፣ ፎጣ ያነጠፈ ሰውዬ ወደማይደርስበት፣ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ፣ ጀልባዋ ቆመች፣ ያኔ ነገራት። እማማ ከአልጋ ከዋለች በኋላ እኔን አታውቀኝም ነበር፣ አለ፣ ሮዚ ትለኝ ነበር፣ በመጀመሪያ አይደለሁም አልኳት፣ አለቀሰች፣ ሮዚ የት ሄደች ብላ አለቀሰች፣ ሁለተኛ እንደዚያ አላልኩም፣ ሮዚ ስትል አቤት እላለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ አቤት እማማ፣ በላሽ ወይ ትለኛለች፣ በላሁ፣ ትምህርቱስ፣ ደኅና ነው፣ ከተማው ይበርዳል? ይበርዳል ግን ካፖርት ገዝቻለሁ፣ ምን ዓይነት ካፖርት ብላ ስትጠይቀኝ ምን እንደምል ጠፋኝ፣ የሴት ካፖርት ምን አውቃለሁ፣ ሰማያዊ አልኳት፣ ደስ አላት፣ ሰማያዊ ያምርብሻል አለችኝ። እየሳቀ ነው የነገራት፣ እሷም እየሳቀች ሰማችው፣ ሁለቱም ሳቁን የተዉበት ቅጽበት ትዝ አይላትም፣ ከዳር ፊሽካ ተነፋ፣ ጀልባዋን መልሱ፣ ሰዓታችሁ አልቋል፣ መርገጥ ጀመሩ። አመሰግናለሁ ሳትለው መርገጥ ጀመሩ። ከዚያስ? ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ዓመት፣ ከዚያ ፖስታ ካርድ፣ በፖስታ ካርድ ይሄ አይጻፍ፣ ለካ የፈራሁት እሱን ነው፣ ደጅ የቆመው ሰውዬ ፊት ቆሜ ያንን ቃል ማውጣት፣ ከሳተላይት በላይ እሱ ከበደኝ?

ሮስቪታ።

ምን?

እይ።

አራተኛው። ከጠበቁት ትንሽ ዘግይቶ፣ ግን አራተኛው፣ ከዚያ አምስተኛው በተነገረለት ቦታ፣ በተነገረለት ቅጽበት፣ ብልጭ፣ ስሌቱ ይይዘዋል፣ አይለቀውም፣ ስድስተኛው፣ ከዚያ መቁጠር አቆመች፣ ኮከቦቹ እንደ ዘመድ በየተራ ስማቸውን እየተናገሩ ያልፋሉ፣ እገሌ፣ እገሌ፣ እገሊት፣ ሳተላይቱ ወዴት እንደሚያይ ያውቃል፣ ገና ሰማዩን አጋምሶ ሳይሄድ፣ ገና ብዙ ጊዜ እያለው፣ መለካት ጀምሯል፣ ከፊት ያለው ልጅ ወንበሩን ገፍቶ ይነሣል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ፊዮሬንዞ በገዛ ቋንቋው የሆነ ነገር ይላል፣ ጸሎትም ስድብም ይመስላል፣ አናቷን ይስማታል፣ እሷ አልተነሣችም፣ እጇ እንደ ተማሪ ጭኗ ላይ ነው፣ ዝም ብላ ታያለች፣ ማንን ላመስግን፣ ሁላችሁንም፣ አንተን ፊዮሬንዞ፣ ልጆችህን ቱሪን ያስቀረህ፣ አውስትራሊያ ያለኸውን ስምህን የማላውቀውን፣ ስልክ ላይ ድምፅህን ብቻ የማውቀውን፣ ይሄንን ዓይን ያጸዳችሁትን፣ አንተንም ጨረሩ እየበላህ የምታይልንን፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ እድሜ ይስጣችሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም። አሁን ሂጂ ይላል ፊዮሬንዞ፣ የቀረውን እኔ እጠብቀዋለሁ፣ እስከ ነገ ማታ እንዳላይሽ፣ ነገ ማታ ካየሁሽ አባርርሻለሁ። አንተስ ልጆችህ? እኔማ ስልክ አለኝ፣ ይደውላሉ፣ ይጮኹብኛል፣ ሂጂ።

ካፖርቷን በአንድ እጅጌ ብቻ ለብሳ ትሮጣለች፣ ረጅሙን ኮሪደር፣ መስታወት በሩን፣ ብርዱ ፊቷን በጥፊ ይላታል፣ ቀን ነው ለካ፣ ውጭ ቀን ነው፣ ከበረኛው ቤት አንድ ጠጉሩ የሸሸ ሰውዬ የተቆረሰ ዳቦ እንደያዘ ይወጣል፣ ሸምግሏል! ማን አሸመገለው፣ እሷንም እንደዚያው እያያት ነው፣ እሷም ሸምግላለች ማለት ነው፣ ሁለቱም ቆመዋል፣ አቶ ክኖል ከመስኮቱ ወዲያ አንገቱን አስግጎ፣ ኧረ ተሳሳሙ፣ ብርድ እያስገባችሁብኝ ነው!

ይተቃቀፋሉ። ዳቦው መሀላቸው ይደቃል።

ሞተ አይደል? ይላል ጌርኖት ጆሮዋ ሥር፣ ሳተላይታችሁ፣ በእናንተ ቴሌቪዥን አየሁት፣ አዘንኩልሽ፣ ካርድ ላይ ልጽፍልሽ ብዬ እንዴት ብዬ፣ ለአስረኛ ክፍል ሞቷል ብዬ አስተማርኩ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ፣ ሰሌዳው ላይ መስቀል ብቻ ነው ያልሳልኩለት። ያያል፣ ትለዋለች። ምን? ያያል፣ አሁን፣ እኛ ስናወራ፣ ከላያችን ሆኖ እየለካ ነው። ጌርኖት ይለቃታል፣ ቀና ይላል፣ ግራጫ ደመና ነው ያለው፣ ደመናውን አፉን ከፍቶ ያያል፣ አልሞተም? አልሞተም። ርቀት ይለካል? ዓመት ከኖረ ይለካል። ይኖራላ! ምን ሆኖ ይሞታል! ይላል፣ ከዚያ ወደ በረኛው ቤት ዞሮ ይጮኻል፣ ወንድሜ ክኖል፣ አልሞተም! እኔን ነው የምትነግረኝ ይላል አቶ ክኖል፣ እዚህ በር ላይ በየቀኑ ፊታቸውን አያለሁ፣ ገና ዱሮ ነው የገባኝ። አስረኛ ክፍል ፊት ግን ጉድ ሠራሽኝ ይላል ጌርኖት፣ በጥር ትምህርት ሲከፈት ውሸታም ነኝ ብዬ መቆሜ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው የምቆመው፣ በይ ግቢ፣ መኪና ውስጥ ግቢ። የት? ቤት ነዋ፣ አልሰማሽም እንዴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለእናንተም ቪዛ ቀረ፣ ሬዲዮው ተናግሯል፣ ሚስቴ ሃይድሩን ዝይ ምድጃ ውስጥ ከትታለች፣ ዝዩ ካረረ ገዳይሽ ናት፣ እስካሁን በካርድ ብቻ ነው የምታውቅሽ፣ እንዲህ አድርገሽ አትተዋወቂያት።

ሻንጣ የለኝም ትላለች። ስትሄጂስ መቼ ያዝሽ።

መኪናዋ ትጮኻለች፣ ከወለሉ ብርድ ይገባል፣ ከሞተሩ ሽታ ይገባል፣ አውራ ጎዳናው ላይ የሚያልፏቸው ትላልቅ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ በክፋት አይደለም፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ጌርኖት ለእያንዳንዱ እንደ ንጉሥ እጁን ይመልሳል፣ ያወራል፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ተማሪዎቹ በእጃቸው ስለሠሩት የኮከብ ማያ ጉልላት፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ከመንደሩ ግማሹ ሰው ወደ ምዕራብ ስለ መሄዱ፣ አንተስ? ትለዋለች፣ ወደዚህ መምጣት አታስብም? እኔ? ኮከብ የሚያስተምር ማን ሊቀር? መሽቶም አልመሸም፣ ያ የታኅሣሥ ድንግዝግዝ ነው፣ የመንገዱ ዳር በረዶ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አሁን ልበለው፣ አሁን ካላልኩት ደግሞ ፊሽካ ይነፋል፣ አሁን።

ጌርኖት።

እ?

አመሰግንሃለሁ፣ ስለ እማማ።

መሪውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማው፣ አበላሸሁት፣ ዘግይቼ አበላሸሁት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ መንገዱን እያየ፣ የማን እናት መስላሽ ነው? ይላል። ማለቴ… ምን ማለትሽ ነው፣ የእኔም እናት ናት እኮ፣ ሰው እናቱን አስታሞ ምስጋና ይቀበላል እንዴ፣ ታሳፍሪኛለሽ። እሺ፣ ትላለች፣ ትንሽ ሆና። ጥቂት ይሄዳሉ። አቤት ስላልኩት ግን፣ ይላል ጌርኖት፣ እሱን አመስግኚኝ፣ እሱ ለአንቺ ነበር። እና ታመሰግነዋለች፣ ስለ አቤቱ፣ ስለ ቀጭኑ ድምፅ፣ ስለ ሰማያዊው ካፖርት፣ ስለ ትምህርቱም ደኅና ነው ስላለው፣ ተማሪ ሳለሁ ደኅና አልነበረም እኮ ትለዋለች፣ ሦስት ፈተና ወድቄ ነበር፣ አውቄ ነበር ይላታል፣ የደብዳቤሽ ፊደል ያስታውቅ ነበር፣ ይስቃሉ፣ ሁለቱም አፍንጫቸውን በአንድ መሀረብ ይጠርጋሉ፣ የእሱ ነው፣ የሞተር ዘይት ይሸታል፣ ደረቷ ውስጥ ስንት ዓመት ቆሞ የነበረ ነገር ቁጭ ይላል፣ ወንበር እንዳገኘ ሽማግሌ።

ድንበሩ ጋ ሰልፍ አለ፣ ብርቱ መብራት፣ ያው ማማ፣ ያው አጥር፣ ፓስፖርቷን ከጎኗ መስኮት ታወጣለች፣ ወጣት ወታደር ነው፣ የጌርኖት ተማሪ ሊሆን የሚችል፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቷል፣ ይገልጣል፣ ፎቶውን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ከዚያ ጣቱ ይወርዳል፣ ታውቃለች የት እንደሚቆም፣ የትውልድ ቦታ፣ ቆመ፣ ዛልፌልድ፣ አሁን ይመጣል፣ ለምን ሄድሽ፣ የት ትሠሪያለሽ፣ እሷም መልሱን ደርድራለች፣ ኮከብ ነው የምንለካው፣ ኮከብ ብቻ፣ ልጁ ቀና ይላል፣ ለገናው ዝይ ትደርሳላችሁ? ይላል፣ ከቀጠላችሁ ትደርሳላችሁ፣ መንገዱ ተጠርጓል፣ መልካም ገና፣ ይላል፣ ወደሚቀጥለው መኪና ያልፋል፣ ጌርኖት ማርሽ ያስገባል፣ አጥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ማማው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መብራቱ አልቆ ጨለምለም ያለው የራሳቸው መንገድ ይጀምራል፣ እሷ ግን እጇ አሁንም በመስኮቱ ወጥቶ ተዘርግቷል፣ ፓስፖርቱ እጇ ላይ ነው፣ መልሶላታል ለካ፣ መቼ መለሰላት፣ ጥያቄውን እየጠበቀች ነው።

አልቋል እኮ ሮዚ፣ ይላል ጌርኖት፣ መስኮቱን ዝጊው፣ በረደን።

ትዘጋዋለች።